የሄልሜት ሕጉ ተነሳ፣ ሄልሜቱ ግን አይነሳ

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 የአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ የጤና ቦርድ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 11 ለ2 ሆነ። በዚያ ድምፅ የሲያትልና የአካባቢዋ የብስክሌት ሄልሜት ሕግ ተሻረ። ከዚያ ቀን በፊት ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ያለ ሄልሜት ብስክሌት ከነዳ ይቀጣ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናውን በጨረፍታ ለሰማ ሰው "ሄልሜት አያስፈልግም ተባለ" ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሕጉን የሻሩት ሰዎች ራሳቸው ሄልሜት ይደረግ ባዮች ናቸው። በዚያው ቀን ሰው ሄልሜት እንዲያደርግ የሚያበረታታ የአቋም መግለጫም አብረው አጽድቀዋል። ታዲያ ለምን ሻሩት? ይሄን ለመመለስ ወደ 35 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ይሄን ጉዳይ የመረጥኩት ከተማዋ ሩቅ ስላልሆነችብን ነው። ሲያትል ብዙ አበሻ አለ። ቼሪ ጎዳናና ሬኒየር ሸለቆ ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን ያሉባቸው ሰፈሮች ናቸው። ድምፅ ከሰጡት የቦርዱ አባላት አንዱ ግርማይ ዛሂላይ ነበር። ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ሲያትል ገብቶ፣ በደቡብ ሲያትል የመንግሥት ቤቶች ያደገ፣ ያኔ የካውንቲ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ዓለም ስለ ሄልሜት በተከራከረ ቁጥር የሚጠቀሰው ቁጥር የተወለደው ሲያትል ነው።

ያ ቁጥር 85 ነው

በ1980ዎቹ ሲያትል ውስጥ ሄልሜት ያደረገ ልጅ ማየት ብርቅ ነበር። በ1987 ሲቆጠር ከ100 ልጆች 5 ወይም 6 ብቻ ነበሩ። ያኔ ነው ሮበርት ቶምፕሰን፣ ፍሬድሪክ ሪቫራና ዳያን ቶምፕሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከአምስት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል መረጃ መሰብሰብ የጀመሩት።

አሠራራቸው ለመረዳት አይከብድም። ከብስክሌት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተጎድተው የመጡ 235 ሰዎችን ያዙ። እዚያው ሆስፒታል ከብስክሌት ወድቀው የመጡ፣ ግን የተጎዱት እጃቸውን፣ እግራቸውን ወይም ሌላ ቦታ የሆነ 433 ሰዎችንም ያዙ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ስትወድቅ ሄልሜት አድርገህ ነበር? ጭንቅላታቸውን ከተጎዱት ውስጥ አድርገው የነበሩት 7 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ከሌሎቹ ውስጥ ግን 24 ከመቶ። ከሆስፒታል ውጭ በብስክሌት አደጋ ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩም ተመሳሳይ ልዩነት አገኙ። ዕድሜውንና ሌላ ሌላውን አስተካክለው ሲያሰሉት ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ85 ከመቶ ይቀንሳል አሉ። ጥናቱ በ1989 ታተመ። 85 ከዚያ በኋላ በየፖስተሩና በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ ዓለምን ዞረ።

ቁጥሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልጸናም። ጥርጣሬው ቀላል ነው። ያኔ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነበር። ያ ጥቂት ሰው ምናልባት በተፈጥሮው ጠንቃቃ ነው። ምናልባት በመኪና መንገድ ሳይሆን በመናፈሻ ነው የሚነዳው። ስለዚህ ያዳነው ሄልሜቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ዝቅ ያለ ቁጥር አገኙ። በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የብስክሌተኞች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ፣ 85ን ከድረ ገጻቸው አነሱ።

ከዚያ በ2016 ትልቁ ድምር መጣ። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 40 ጥናቶችን አንድ ላይ አሰሉ። ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞች ማለት ነው። በእነሱ ስሌት የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድል በ51 ከመቶ ይቀንሳል። ከባዱ የጭንቅላት ጉዳት በ69 ከመቶ። ለሞት የሚያበቃው ደግሞ በ65 ከመቶ።

85 ወደ 51 ወረደ ብሎ ጉዳዩን የሚጥል ሰው አለ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ከባዱን ጉዳት ከግማሽ በላይ የሚቀንስ፣ አንዴ የሚገዛ፣ መርፌ የሌለው፣ ሐኪም የማይፈልግ ነገር ስንት አለን? ቁጥሩ መታረሙም ይበልጥ እንዳምነው ነው ያደረገኝ።

አንድ ሄልሜት በእጅ ይዘን እንየው

ሄልሜት ገልብጦ ውስጡን ያየ ሰው መጀመሪያ ያዝናል። ነጭ ወይም ጥቁር ፎም ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ተሞልቶ የሚመጣው ዓይነት። ላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለብጦበታል። በጥፍር ሲጫኑት ይጎደጉዳል። "ይሄ ነው እኔን የሚያድነኝ?" ያሰኛል።

አዎ፣ እሱ ነው። የሚያድነውም መጎድጎዱ ነው። ጭንቅላት አስፋልት ሲመታ ቅሉ በቅጽበት ይቆማል። አንጎል ግን ውስጥ ሆኖ መሄዱን ይቀጥልና ከቅሉ ጋር ይጋጫል። ፎሙ ሲጨፈለቅ ያችን መቆሚያ ጊዜ ትንሽ ያስረዝማታል። ትንሽ ስል ከሰከንድ በጣም ጥቂቷን ክፍልፋይ ማለቴ ነው። እሷ ናት የምታድነው። ለዚህ ነው አንዴ በደንብ የወደቀ ሄልሜት መጣል ያለበት። ፎሙ ሥራውን ጨርሷል። ላዩ ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አይጨፈለቅም።

አሁን በጣም አስፈላጊ ወደሚመስለኝ ነገር ልምጣ። የአሜሪካ የሄልሜት መፈተሻ ሕግ ሄልሜቱን ከ2 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ጠፍጣፋ ብረት ይጥለዋል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 2 ሜትር ምንድነው? ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት ካለው ከፍታ ብዙም አይርቅም። ሄልሜት በ80 ኪሎ ሜትር የሚበር የጭነት መኪና ሲገጭህ ተአምር እንዲሠራ አልታሰበም። የታሰበው ከብስክሌትህ ተንሸራተህ፣ በገዛ ቁመትህ ልክ ወርደህ፣ ጭንቅላትህ የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ ነው።

ይሄ እኮ የዘወትሩ አወዳደቅ ነው። "ሱቅ ደርሼ ልመለስ"፣ "ሥራ ቦታ አምስት ደቂቃ ነው"፣ "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" ስንል የምንወድቀው አወዳደቅ። አጭር መንገድ ሄልሜት አያስፈልገውም የሚለው ሐሳብ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። ሄልሜት በጣም የሚጠቅመው እዚያው ላይ ነው። ሲያትልን ያየ ያውቀዋል። ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናብ ነው፤ መንገዱ ላይ የረጠበ ቅጠል ይነጠፋል። በ2007 ሳውዝ ሌክ ዩኒየን፣ በ2016 ደግሞ ጃክሰን ጎዳና ላይ ሥራ የጀመሩት የከተማ ባቡሮች ሐዲድ አለ። የብስክሌት ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ከገባ ማንም ሳይነካህ መሬት ትነጠፋለህ። መኪና አያስፈልግም።

"ሆላንዶች እኮ አያደርጉም" የሚል መልስ ሁሌ ይመጣል። እውነት ነው፣ አብዛኞቹ አያደርጉም። ግን ሆላንድ ብስክሌት የራሱ መንገድ አለው። ያንን መንገድ ስታመጡልን እንነጋገራለን። እስከዚያው ጎማችን ከመኪናው ጎማ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው።

ሕግ ሳይኖር የተለበሰ ሄልሜት

ከሲያትል ታሪክ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ይሄ ነው።

ጥናቱ እየተሠራ ባለበት ጊዜ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ሃርበርቪው ሆስፒታልን ይዘው ሐኪሞች፣ ትምህርት ቤቶችና የብስክሌት ክለቦች ዘመቻ ጀመሩ። ሃርበርቪውን የሲያትል አበሻ ያውቀዋል። ስለ ጤና በአማርኛና በትግርኛ ጽሑፍ ከሚያዘጋጁት ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ዘመቻው ሦስት ነገር ላይ አተኮረ። ወላጅ ሄልሜት ምን እንደሚጠቅም እንዲያውቅ። ዋጋው እንዲቀንስ፣ ለዚህም የቅናሽ ኩፖን ታደለ። ልጆች ደግሞ ሄልሜት ማድረግን እንዳያፍሩበት።

በ1987 5.5 ከመቶ የነበረው የልጆች አጠቃቀም በ1992 40.2 ከመቶ ደረሰ። በአንድ ትልቅ የጤና መድን ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆኑ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ሲታይ፣ በብስክሌት የሚደርሰው የጭንቅላት ጉዳት በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። በእነዚያ አምስት ዓመታት አንድም ሰው አልተቀጣም። ሕጉ ገና አልወጣም ነበር።

የካውንቲው ሕግ የመጣው በ1993 ነው። መጀመሪያ ከሲያትል ከተማ ውጭ ያለውን አካባቢ ነው የሸፈነው። ሲያትል የተጨመረችው በ2003 ነው። ቅጣቱ 30 ዶላር ነው ይባል ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ወጪ ሲጨመርበት ግን ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር።

ሄልሜቱ እጅህ ላይ ከሌለ

በኦክቶበር 2014 ሲያትል ፕሮንቶ የሚባል የጋራ ብስክሌት አገልግሎት ጀመረች። 500 ብስክሌት፣ 50 ምናምን ማቆሚያ። ሕጉ ስላለ እያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ የሄልሜት ሳጥን ተደረገ። ተከራዩ ከሳጥኑ አንስቶ ያደርጋል፣ ሲጨርስ መመለሻው ሳጥን ውስጥ ይከታል፣ ተሰብስቦ ተጸድቶ ይመለሳል። ብዙ ልፋት ነው። ፕሮንቶ ማርች 31 ቀን 2017 ተዘጋ። የዘጋው ሄልሜት ብቻ አልነበረም። ማቆሚያዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ ከተማዋ ዳገት ናት፣ ገንዘብም አጠረ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የትም የሚቆሙ የኪራይ ብስክሌቶች ገቡ። እነሱ የሄልሜት ሳጥን አልነበራቸውም።

ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ቆመው ቆጠሩ። በራሱ ብስክሌት ከሚሄደው ሰው 91 ከመቶው ሄልሜት አድርጓል። በኪራይ ብስክሌት ከሚሄደው ግን 20 ከመቶው ብቻ።

ይሄን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። ከተማው አንድ ነው። ሕጉ አንድ ነው። ቅጣቱ አንድ ነው። የራሱ ብስክሌት ያለው ሰው ሄልሜቱ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሲወጣ ያነሳዋል። ኪራዩን የያዘው ሰው ከባቡር ወርዶ ብስክሌት አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ ከፈተ፣ ሄደ። ሄልሜት ከየት ያምጣ? ሕጉ ሁለቱንም እኩል እያስፈራራ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የሄልሜቱ ቅርበት ነው።

ቲኬቱ ማን ላይ አረፈ?

ሕጉን የጣለው ግን ይሄ አይደለም። የጣለው የቅጣቱ መዝገብ ነው።

በ2020 መጨረሻ የአካባቢው ጋዜጠኞች የሲያትል ፍርድ ቤትን መዝገብ አገላበጡ። ከ2017 ወዲህ ከተሰጡት የሄልሜት ቲኬቶች (የቅጣት ወረቀቶች) ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተሰጡት መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች ነበር። ቤት የሌለው ሰው ሄልሜት ከየት ገዝቶ፣ የትስ ያስቀምጠዋል? ቅጣቱንስ በምን ይከፍላል? ካልከፈለ ዕዳው ይከማችበታል።

ቀጥሎ የብስክሌትና የእግረኛ መብት ተሟጋቾች ከ2003 እስከ 2020 ያለውን መዝገብ በዘር ለዩት። ጥቁር ብስክሌተኛ በሄልሜት የመቀጣቱ ዕድል ከነጩ ወደ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከ2 እጥፍ በላይ። ሄልሜት አለማድረግ ሰውን ለማስቆምና ሌላ ነገር ለመጠየቅ ሰበብ እየሆነ ነው የሚል ክስም ተነሳ።

አሜሪካ የሚኖር አበሻ እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ወንድ ልጅ ያላት እናት ልጇ በብስክሌት ሲወጣ ሁለት ነገር ትሰጋለች። አንዱ መኪናው ነው። ሌላው ደግሞ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚሆነው ነው። የመጀመሪያውን ለመቀነስ የወጣ ሕግ ሁለተኛውን ካበዛባት፣ ያቺ እናት ምን አተረፈች?

ጃንዋሪ 2022 የሲያትል ፖሊስ በሄልሜት ብቻ ሰው ማስቆም እንደሚተው አስታወቀ። በወሩ ቦርዱ ሕጉን ሻረው። ግርማይ ዛሂላይ ከድምፁ በኋላ የተናገረው ጉዳዩን በትክክል ያስቀምጠዋል። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ጥያቄው ሄልሜት ሕይወት ያድናል ወይ የሚል አልነበረም፤ ያድናል። ጥያቄው በፖሊስ የሚያስፈጽሙት የሄልሜት ሕግ የሚያመጣው ጥቅም ከሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል ወይ ነው።

ሕጉ ይቆይ ያሉት ሰዎች የሚናቅ ክርክር አልነበራቸውም። ሕግ ሲነሳ ሕዝብ "አያስፈልግም ማለት ነው" ብሎ ይወስደዋል፣ በተለይ ወጣቱ ይዘናጋል አሉ። ስጋታቸው ስጋቴ ነው። ይሄን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ግን መሻሩን ከደገፉት ውስጥ ካስኬድ የተባለው ትልቁ የብስክሌት ክለብ እንደነበረ ልብ በሉ። ካስኬድ በሚያዘጋጃቸው ጉዞዎች ላይ ያለ ሄልሜት አትወጣም። ሄልሜት ይጠላሉ የሚባሉ ሰዎች አይደሉም። ሄልሜትና ቲኬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ስለገባቸው ነው።

እኔ በቦርዱ ብሆን ከ11ዱ ጋር ነበር የምቆመው። ግን ሕጉ ለልጆች ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ግዴታዋ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ነው። ሲያትልም ግዴታው ለልጆች ብቻ ሆኖ፣ ቅጣቱ በነፃ ሄልሜት ቢተካ እመርጥ ነበር። አንድ ማሳሰቢያ፦ የተነሳው የካውንቲው ሕግ ነው። በካውንቲው ውስጥ የራሳቸው የሄልሜት ደንብ ያላቸው ከተሞች አሉ፤ እነሱን አልነካም። እዚያ የምትኖሩ የከተማችሁን አረጋግጡ።

ታዲያ እንዴት እናድርገው?

አሜሪካ ውስጥ ከ1999 ወዲህ ተሠርቶ የሚሸጥ የብስክሌት ሄልሜት ሁሉ ያንን የ2 ሜትር ፈተና ማለፍ አለበት። የ25 ዶላሩም፣ የ250 ዶላሩም። የሚጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው ለቅለቱ፣ ለአየር ማስገቢያውና ለመልኩ ነው። ስለዚህ ውድ አይደለም ብላችሁ አትፍሩ። ውስጡ የተለጠፈውን የደረጃ ምልክት ብቻ እዩ። ያገለገለ ሄልሜት ግን ተዉት፤ ወድቆ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።

አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባር የገለጠ ሄልሜት ስትወድቁ ግንባራችሁን አይሸፍንም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አይበልጥ። ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ተገናኝቶ አገጭ ሥር ይቆለፍ። አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ይላላል ማለት ነው።

የፀጉር ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ወይም አፍሮ ያሳደገ ልጅ የሄልሜት ልክ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከኋላ በሚሽከረከር ቁልፍ የሚጠብቅና የሚላላ ግዙ። ስትለኩ ፀጉራችሁ እንደምትነዱበት ሆኖ ይሁን። ስስ ሻሽ ከሥር ችግር የለውም። ቋጠሮው ግን ፎሙ ሥር አይግባ፤ ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። ፀጉር ከኋላ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይሻላል።

የሲያትልን 91 እና 20 ባሰብኩ ቁጥር ባሕር ዳር ትመጣብኛለች። ሐዋሳም እንዲሁ። ሜዳ ናቸው፣ ብስክሌት ይወዳሉ፣ ልጆች ብስክሌት በሰዓት ተከራይተው ነው መንዳት የሚማሩት። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሰውዬው ሰዓቱን ያይና ይሰጣል። ሄልሜት የለም። እዚያም ማንም እንዲቀጣ አልፈልግም። ከየብስክሌቱ መሪ ላይ አንድ አንድ ሄልሜት ቢንጠለጠል ግን፣ ልጁ ብስክሌቱን ሲይዝ ሄልሜቱ እጁ ላይ ይሆናል።